የአባቴ ቀማሽ

አባቴ የኩሽናውን ቁም ሣጥን የሚከፍተው እንግዳ እንደሚቀበል ሰው ጉሮሮውን ጠርጎ ነበር።

«ዛሬ ማን ማን አለ?»

ስም መጥራት የእኔ ሥራ ነው። በርጩማ ላይ ቆሜ፣ አንገቴን ወደ ውስጥ አስግጌ እጠራለሁ። «ድንች፣ ሁለት። አንዱ ቡቃያ አውጥቷል። ጎመን፣ ግማሽ። የትናንት ሩዝ። እንቁላል አንድ... አይ፣ ሁለት።»

«ሩዙ እንዴት ነው?»

«ደርቋል።»

«አኩርፎ ነው። ብቻውን አሳድረነዋላ። ከእንቁላሉ ጋር እናስታርቀዋለን።»

ያስታርቃቸዋልም። ሩዙን በእጁ ፈልፍሎ፣ እንቁላል መትቶበት፣ መጥበሻው ላይ በማንኪያ ጀርባ ይጠቀጥቀዋል። ሥሩ ቅርፊት እስኪይዝ ድረስ ማንም እንዲነካው አይፈቅድም። ከዚያ ሳህን ደፍቶበት ግልብጥ ሲያደርገው ያ ማንም ዘወር ብሎ የማያየው ትርፍ ራሱን ችሎ ኬክ ይመስላል። ለመኮሮኒው ቲማቲም የጠፋ ቀን ካሮት ይፈቀፍቅና በነጭ ሽንኩርትና በሎሚ ያሳብደዋል። ዳቦው ድንጋይ የሆነ ቀን የጎመን ውኃ ያጠጣውና ይጠብሰዋል። «ይሄ ምን ይባላል?» ስለው «ገና ስም አልወጣለትም፤ ከበላነው በኋላ እናወጣለን» ይለኛል። በልተን ስንጨርስ ግን ስሙን ሁላችንም እንረሳዋለን።

እናቴ የማተሚያ ቤት ሠራተኛ ናት፤ መጽሐፍ ጠራዥ። ወደ ቤት የምትመጣው ሲመሻሽ ነው። አባቴ ደግሞ የአንድ ፋብሪካ ሠራተኞች የሚመገቡበት ምግብ ቤት አብሳይ ስለነበር የምሳውን ሥራ ጨርሶ ቀድሟት ይደርሳል። በየቀኑ ከእሷ በፊት ያሉት ሰዓቶች የእኔና የእሱ ነበሩ። ያኔ ሁለተኛ ክፍል ነኝ።

ጨዋታችን እንዲህ ነው። ሽንኩርቱ ዘይት ውስጥ ሲገባ አባቴ ጆሮውን ወደ ድስቱ ያዘነብላል። «አሁን እየተሳደበ ነው፤ ቆይ ይብረድለት» ይላል። ሲበርድለት ውኃ ይጨምራል። ከዚያ የእንጨት ማንኪያውን ነክሮ መዳፌ ላይ ጠብ ያደርግልኛል።

«ዳኛዬ፣ ፍረጂ።»

እልሳለሁ። ዐይኔን ጨፍኜ፣ ቅንድቤን ሰብስቤ፣ ፍርድ የሚጠበቅበት ሰው ማድረግ ያለበትን ሁሉ አደርጋለሁ።

«ጨው ጎድሎታል።»

«ስንት ቁንጥር?»

«አንድ። ትንሽዬ።»

«ሌላስ?»

«እ... የሚያቃጥል ነገር።»

«ቃሪያ ነው ቁንዶ በርበሬ?»

«ቁንዶ በርበሬ።»

ያልኩትን ሁሉ ያደርጋል። እንደገና ጠብ ያደርግልኛል፤ ከንፈሬን እያየ ይጠብቃል። «አሁን ደረሰ» ስለው እሳቱን ያጠፋል። አንድም ቀን ተሳስተሻል ብሎኝ አያውቅም።

እኔ የገባኝ እንዲህ ነበር፤ ትምህርት ቤት አስተማሪያችን ሰባት ሲደመር ስምንት ስንት ነው ብላ ስትጠይቀን መልሱን ታውቀዋለች። የምትጠይቀን ማወቃችንን ልታይ ነው። አባቴም መልሱን እያወቀ የሚፈትነኝ መሰለኝ። አንዴም ስላልተቆጣኝ ደግሞ ፈተናውን እየደፈንኩ ነው ብዬ አመንኩ። በሆዴ ታላቅ አብሳይ ሊያደርገኝ በምስጢር እያሠለጠነኝ ነው እላለሁ፤ ለጓደኞቼም ተናግሬያለሁ።

አባቴ ጆሮውን ወደ ድስት ማዘንበል የጀመረው በዚያው ዓመት ነው። ከዚያ በፊት ዐይኑን ጨፍኖ አፍንጫውን እንፋሎቱ ላይ የሚደቅን ሰው ነበር። ክረምቱ ሲገባ ኃይለኛ ጉንፋን ይዞት ሰነበተ፤ ሲነሳ ከስቷል፤ ከዚያ ጨዋታው መጣ። ሁለቱን ነገሮች ጎን ለጎን ለማስቀመጥ ዩኒቨርሲቲ እስክገባ ድረስ ጊዜ ወሰደብኝ። ከዚህ የበለጠ የሚገርመኝ ግን እናቴም አለማስቀመጧ ነው። ድሮ ማታ በር ከፍታ ስትገባ «ሙጫ! ሙጫ!» እያለ አፍንጫውን ይይዝባት ነበር። እሷም «ሙጫው ነው የሚያበላህ!» እያለች ወደ መታጠቢያው ትሮጣለች። ከጉንፋኑ በኋላ ይህን ተወው። እናቴ ለአክስቴ ስትነግራት ሰምቻለሁ፦ «ወንድምሽ አደብ ገዝቷል። ለስለስ ብሏል። እንደ ገባሁ አቅፎ ይስመኛል።»

የሥራ ቦታ አለቃው ጋሽ ዝምታ ይባሉ ነበር። የፋብሪካው ሰው በሙሉ በዚህ ስም ስለሚጠራቸው፣ እኔም ቤት ውስጥ ሌላ ስም ሰምቼ ስለማላውቅ፣ እናትና አባታቸው ያወጡላቸው ስም መስሎኝ ነበር።

አንድ ቀን አባቴ ድንች እየላጠ ለእናቴ «ጋሽ ዝምታ ጡረታ ሊወጡ ነው» አላት።

«ማንን ሊተኩ?»

«አልተናገሩም። እሳቸው መቼ ይናገራሉ? ወይ እኔን ነው፣ ወይ የጠዋት ፈረቃውን ሰውዬ። 'ቅዳሜ እራት ቤትህ ልብላ' አሉኝ።»

እናቴ ቦርሳዋን እንኳን አላስቀመጠችም። «ቅዳሜ! ሥጋ ይገዛ፣ ዓሣ ይገዛ...»

«ምንም አይገዛም። 'ገበያ ወጥተህ ከገዛህ አልመጣም' ብለዋል። ቤት ያለውን ነው የሚበሉት።»

«እንግዳ ጠርቶ ድንች?»

«እንግዲህ ድንች።»

ሰውየው ያሉት ለቀልድ አልነበረም። የጭነት መኪናው ወደ ፋብሪካው ኩሽና የሚያመጣውን የሚያውቀው የጭነት መኪናው ብቻ ነው፤ አንድ ቀን ዱባ፣ ሌላ ቀን የተሰባበረ ሩዝ። የኩሽናው ኃላፊ የሚሆን ሰው የመጣለትን አይቶ ሕዝብ ማብላት አለበት። ጋሽ ዝምታ ማየት የፈለጉት ይህንን ነው። አባቴ ደግሞ በዚህ ነገር ከጠዋት ፈረቃው ሰውዬ እንደሚበልጥ ያውቃል። እኔም አውቃለሁ፤ በየቀኑ አብሬው አለሁ።

ቅዳሜ ከሰዓት አክስቴ መጣች፤ የአባቴ ታላቅ እህት። ልብስ ሰፊ ናት። ከንፈሮቿ መሃል ሁልጊዜ ስፒል ስላለ በጥርሷ ነው የምታወራው። የቀሚሴን ጠርዝ ልታሳጥር ወንበር ላይ አቁማኝ ሳለ ከኩሽናው የአባቴ ድምፅ መጣ።

«ዳኛዬ! ነይ፣ ችሎት ተጀምሯል!»

ከወንበሩ ልዘል ስል ቀሚሴን ይዛ አስቀረችኝ።

«የምን ችሎት ነው?»

«ልቀምስለት ነው።»

«ምኑን?»

«የእንግዳውን ምግብ። ሁልጊዜ እኮ እኔ ነኝ የምቀምሰው።»

ስፒሎቹን አንድ በአንድ ከአፏ አውጥታ የመርፌ መሰኪያ ትራሷ ላይ ሰካቻቸው። ያኔ ነገሩ ከባድ መሆኑ ገባኝ።

«ድስት ሥር የምትልከሰከስ ልጅ ምን እንደምትባል ታውቂያለሽ? ሆዳም። ሰውየው ገብተው ማንኪያ ስትልሺ ቢያዩሽ 'ይሄ ሰው ልጁን አያበላም እንዴ?' ነው የሚሉት። አባትሽን ታዋርጂዋለሽ። ለዚህ ቀን?»

ፊቴ ጋለ። ሆዳም! ክፍላችን ውስጥ አንድ ሆዳም የሚባል ልጅ ነበር፤ ማንም አጠገቡ አይቀመጥም።

«እንግዳ ፊት ዝም ነው» አለች አክስቴ። «ከጠየቁሽ ደግሞ 'ይጣፍጣል' ብቻ። ሌላ ቃል የለም። ምንድን ነው የምትዪው?»

«ይጣፍጣል።»

«ጎሽ የእኔ ልጅ።»

ኩሽና ስገባ አባቴ ላብ በላብ ሆኗል። በአንዱ ድስት ምስር ከካሮትና ከቲማቲም ጋር እየተንተከተከ ነው። በመጥበሻው ድንችና ጎመን ተደራርቦ ተጋድሟል። ማንኪያውን ነክሮ ዘረጋልኝ። እኔ እጆቼን ወደ ኋላ አደረግኩ።

«አልቀምስም።»

«እንዴ? ዛሬ ደግሞ ዳኛው ዕረፍት ወጣ?»

«ነውር ነው።»

«ማን ነው ያለሽ?»

አክስቴ በሩ ላይ ቆማለች። «እኔ ነኝ ያልኳት። ምን ነካህ አንተ? የፋብሪካ ሕዝብ የሚያበላ ሰው እጁን በልጅ ምላስ ያሠራል?»

አባቴ ወደ እሷ አየ፣ ወደ እኔ አየ። ሳቀ። «እውነትሽን ነው እትዬ። ለጨዋታ ነው እኮ።» እሷ ዞር ስትል ጎንበስ ብሎ «አንዴ ብቻ። ጨው ብቻ ንገሪኝ» አለኝ በሹክሹክታ። ትንፋሹ ፍጥን ፍጥን ይል ነበር። ይህንንም የፈተናው አካል አድርጌ ወሰድኩት፤ ሥነ ሥርዓቴን ሊያይ ሊያታልለኝ ነው። ከንፈሬን ጥርቅም አድርጌ ጭንቅላቴን ነቀነቅኩ። ቀና አለ። ከዚያ ከጨው ዕቃው ቆነጠረ፤ ጨመረ። አሰበና እንደገና ቆነጠረ። እኔ ፈተናውን አለፍኩ ብዬ ኮራሁ።

ጋሽ ዝምታ ሲመሽ መጡ። አጭር፣ ወፍራም፣ እጆቻቸው እንደ ሕፃን እጅ ለስላሳ የሆኑ ሽማግሌ ነበሩ። በሩን የከፈትኩት እኔ ነኝ።

«ጋሽ ዝምታ፣ ይግቡ!» አልኳቸው በጣም በጨዋ ድምፅ።

ከኋላዬ ሳህን ጠረጴዛ ላይ ዱብ ሲል ተሰማኝ። ሽማግሌው ወደ አባቴ አዩ።

«እንዲህ ነው የምትሉኝ?»

«ጋሼ... ልጅ ናት...»

«እኔ እኮ 'ለፍላፊው' ነው የሚሉኝ ብዬ ስጨነቅ ኖሬያለሁ» አሉና ገብተው ተቀመጡ። ሁሉም ሳቀ። እኔ የሚያስቀውን አላገኘሁትም፤ አክስቴ ከኋላ ክንዴን ስትቆነጥረኝ ግን ጥፋት መሆኑ ገባኝ። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ አንድ ቃል ላልናገር ማልኩ።

አባቴ ምስሩን በትንሽ እሳት ላይ ትቶ ወጣና ከኩሽናው መጋረጃ አጠገብ ያለውን ወንበር ያዘ። እንግዳ ማጫወት ይችልበታል። መኪናው ሳምንቱን ሙሉ ሽንኩርት ብቻ ያመጣበትን ጊዜ ጀመረ። «አንድ ኩሽና ሰው ቁጭ ብሎ እየከተፈ ያለቅሳል። ሥራ አስኪያጁ በመስኮት አየንና 'ማን ሞተብን?' ብሎ...»

የሆነ ነገር ሸተተኝ።

ወደ አክስቴ አየሁ። አፍንጫዋን ነፋ አድርጋ ወደ እናቴ አየች። እናቴ ወደ አባቴ አየች። አባቴ ያወራል። «'አይ ጌታዬ፣ ማንም አልሞተም፣ ሾርባ ነው' ስለው...»

እያረረ ነው። ምስር ሲያርር የሚወጣው ያ ጥቁር፣ ጉሮሮ ላይ የሚቀመጥ ሽታ። ክፍሉ በእሱ ሞላ። አክስቴ በመሃረብ ሳል አደረገች። እናቴ ግማሽ ተነሳችና ተቀመጠች። በኋላ እንደ ነገረችኝ፣ አለቃው ፊት ለአብሳይ ድስትህ አረረ ማለት ሱሪህ ተቀደደ ከማለት የባሰ መስሎ ታይቷት፣ አሁን ይነሳል፣ አሁን ይነሳል እያለች ትጠብቅ ነበር። እኔ ደግሞ የሚጠበቀው የእኔ መልስ መሰለኝ። ልጄ ታውቀው ይሆን ብሎ ሆን ብሎ እያሳረረ ነው ብዬ አሰብኩ። መልሱን አውቀዋለሁ! መናገር ግን ተከልክያለሁ። ተቀምጬ እግሬን አወራጭ ጀመር።

ጋሽ ዝምታ ብቻ አባቴን ትክ ብለው ያዩት ነበር። ወሬውን ሳያቋርጡ ቆዩና «ልጄ» አሉት፤ «ምን ይሸትሃል?»

አባቴ ፈገግ አለ። እጁን ወደ መጋረጃው ዘርግቶ፣ ልክ የክብር እንግዳ እንደሚያስተዋውቅ፣ «ጥሩ ነገር ነው ጋሼ። ትንሽ ይታገሱኝ» አለ።

ከመጋረጃው ሥር ሰማያዊ ጭስ ቀስ ብሎ ወጣ፤ አባቴ ዘወር ብሎ አየው።

እንደዚያ ሲሮጥ አይቼው አላውቅም። ሽማግሌው ተከትለውት ገቡ፤ እኔም በመጋረጃው ጠርዝ በኩል አጮለቅኩ። ድስቱ ከእሳት ወርዷል። አባቴ ግድግዳውን ተደግፎ መሬት መሬት ያያል።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?» አሉት ጋሽ ዝምታ።

«ከክረምቱ መግቢያ።»

«ምኑ ነው ከክረምቱ መግቢያ?» አለች እናቴ ከኋላዬ። መጋረጃውን ገለጠችው። «ምኑ ነው ያልኩት?»

«አፍንጫዬ» አለ አባቴ። «አፌም። ጨው ይሁን ስኳር አላውቅም። ይመለሳል ብዬ... ሳምንት ሳምንቱን ይመለሳል ብዬ።»

እናቴ እጆቿን አንስታ አየቻቸው፤ ሙጫው ከጥፍሯ ሥር አልለቀቀም ነበር። «አቅፈህ ስትስመኝ» አለች፤ አልጨረሰችውም። በስንት ወር ያላወቀችውን እንግዳ ሰው ከወንበሩ ሳይነሳ አወቀው። ያን ዕለት ያያት ሰው ድስቱን ያሳረረችው እሷ ናት ይላል።

እኔ? ሰበብ መሰለኝ። የቤት ሥራ ያልሠራ ልጅ ደብተሬ ጠፋ እንደሚለው፣ አባቴም ድስት አሳርሮ አፍንጫዬ አመመኝ የሚል መሰለኝ። ትልቅ ሰው፣ ያውም አለቃው ፊት! አፈርኩበት። ዛሬም ድረስ የማልረሳው ይህን ስሜት ነው። ሙሉ ነበር፤ ምንም ጥርጣሬ አልነበረበትም።

«ታዲያ እስከዛሬ በምን ስትሠራ ቆየህ?» አሉ ሽማግሌው።

«እዚያ ረዳቱ ይቀምሳል፤ እኔ አያለሁ፣ እሰማለሁ። እዚህ ደግሞ...» በአገጩ ወደ እኔ ጠቆመ። «ሁሉንም እሷ ናት።»

አክስቴ «ሂጂ፣ ሳህን ደርድሪ!» ብላ ገፋችኝ። ሳህን እየደረደርኩ የሰማሁት የተቆራረጠ ነው። ጋሽ ዝምታ በሕይወታቸው ያን ያህል ተናግረው እንደማያውቁ አባቴ ከብዙ ዓመት በኋላ ነግሮኛል። እሳቸውም በዚህ ዕድሜያቸው ምላሳቸው እንደ ድሮው እንዳልሆነ፣ ድስቱን አስቀምሰው እንደሚሠሩ፣ ይህ ከሥራ የማያስቀር ነገር እንደሆነ፣ ዋናው ቁም ነገር እውነቱን የሚነግር ቀማሽ ማግኘት እንደሆነ ነው ያሉት። እኔ በዚያ ጊዜ ሹካ እየቆጠርኩ ነበር።

አባቴ የኩሽናው ኃላፊ አልሆነም። የጠዋት ፈረቃው ሰውዬ ሆነ። አባቴ ራሱ ጠይቆ መጋዘን ተዛወረና ሩዝና ስኳር እያስመዘነ ጡረታ ወጣ። የቤቱን እራት እናቴ ተረከበች፤ የተቀቀለ ድንች በጨው ብዙ ጊዜ በላን። አክስቴን አንዴ ጠይቄያት «እኔ ሆዳም እንዳይሉሽ ብዬ ነው» አለችኝ፤ እውነቷን ነው። ማንንም የምወቅስበት አላገኘሁም።

ያን ማታ ግን ማዕድ ተቀመጥን። ያላረረው ከላይ ከላይ ተጨልፎ ቀረበ፤ ጭሱ ግን ሁሉንም ገብቶበታል። ጨውም ሁለቴ የተጨመረ ነው። ጋሽ ዝምታ አልጎረሱም። አንድ ማንኪያ ጨልፈው የእኔ ሳህን ላይ አደረጉ።

«እስቲ ልጄ፣ ቅመሽና ንገሪን። እንዴት ነው?»

ሁሉም ወደ እኔ አየ። አባቴ እንደ ሁልጊዜው ከንፈሬን ነው የሚያየው፤ ትንሽ ወደ ፊት ዘንበል ብሎ፣ ሁለት እጁን ጭኑ ላይ አድርጎ። ጎረስኩ። የከሰል አመድ በጨው ውኃ እንደ ማኘክ ነበር። ዋጥኩት።

«ይጣፍጣል» አልኩ።

«ምንም አልጎደለውም?»

«ምንም።»

«ምንም የበዛበትስ?»

«ይጣፍጣል» አልኩ ደግሜ፤ ጥርት አድርጌ።

ጋሽ ዝምታ አንድ ጉርሻ ቀመሱ። ፊታቸው ላይ ያለፈውን አባቴ አየው። ከእሳቸው ወደ እናቴ፣ ከእናቴ ወደ እኔ ሲዞር የዓመቱን እራቶች ሁሉ መልሶ የሚያስብ ይመስል ነበር። አክስቴ ሳህኗ ላይ አቀርቅራለች።

«ከእኔ ነው የተማረችው» አለ አባቴ ለአለቃው፣ ቀስ ብሎ።

ስጠብቀው የኖርኩት ቃል ይህ ነበር፤ በሰው ፊት፣ በእንግዳ ፊት። ወንበሬ ላይ ቀጥ ብዬ ተቀመጥኩ። ፊቴን ሳላኮሳትር፣ ሌሎቹ ማንኪያቸውን ሲያስቀምጡ፣ ምስሩን እስከ መጨረሻው በልቼ ጨረስኩ።

«ይጨመርልሽ?» አለኝ አባቴ።

ሳህኔን ዘረጋሁለት።